የግራ አውራ ጣት

አዴ ሰንበቴ ወደ ሱቃችን በመጡበት ቀን ስካነሩ አይሠራም ነበር። እኔ ከካርቱም ከተመለስኩ ጀምሮ ሲሠራ አይቼውም አላውቅ። የአጎቴ የዓብዱልሀኪም ፎቶ ኮፒ ቤት ነገሌ መናኸሪያ አጠገብ ነው፤ ስካነሩ ከኮምፒዩተሩ ጎን ተጋድሞ የስቴፕለርና የወረቀት ካርቶን መደርደሪያ ሆኗል። አብሮት የመጣው ሲዲ ጠፍቷል። ድሮ የተጫነው ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር የፈቃድ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው የለም።

"ናጋ ጅርቱ፣ አዴ?" አልኳቸው።

"ናጋ፣ ልጄ፣ ናጋ።" ከነጠላቸው ሥር ፌስታል አወጡ። ፌስታሉ ውስጥ በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ነበረ። "አጎትሽ የታለ?"

አጎቴ ከጓዳ ወጡ። እንደወትሮው አልቀለዱም። ወንበር ሳቡላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሏቸው። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከተማው ሁሉ ሲያወራው ሰንብቷልና።

አዴ ሰንበቴ ወደ ከብት ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር የግመል ወተት ይሸጣሉ። ድርቁ ከብቶቻቸውን ሲጨርስ ትንሹ ልጃቸው ጎሊቻ ወርቅ ቁፋሮ ብሎ ክብረ መንግሥት ሄደ። እዚያም አልሆነለትም። እዚያው ደላላ አግኝቶ በሞያሌ በኩል ወጣ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ ከመኪና ወደ መኪና እየቀየርን ነው አለ፤ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። በዚያው መንገድ ላይ ባለች አንዲት አገር ሱቅ ያለው የአጎቴ ልጅ ፈሀድ በዚያ ሰሞን ደውሎ ነበር። በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱ ልጆች ተገኝተዋል። የተረፈው ልጅ "ጎሊቻ የሚባል የነገሌ ልጅ አብሮን ነበር" ብሏል። ግን መንገድ ላይ መኪና ተለዋውጠዋል፤ ጎሊቻ የሚባልም ብዙ ነው። ከሬሳዎቹ አንዱ በቁመቱ እሱን ይመስላል፤ ፊቱ ግን የሚታይ አይደለም።

"ፈሀድ ምን አለ?" አሉ አዴ ሰንበቴ።

አጎቴ መነጽራቸውን ጠረጉ። "ፖሊሶቹ ከሁሉም ላይ አሻራ ወስደዋል። የጎሊቻ አሻራ ያለበት ነገር ከተላከ ያመሳክራሉ። የእኛ ነው ከተባለ ፈሀድ ተረክቦ በስሙ ይቀብረዋል፣ የሬሳውን ሰላት፣ ሰላተል ጀናዛ፣ ያሰግድበታል። ካልተባለ ከሌሎቹ ጋር መንግሥት ይቀብረዋል። ብዙ አያቆዩትም።"

አዴ ሰንበቴ የታሸገውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። ቀበሌው ወጣቶችን በከብት ማድለብ ማኅበር ሲያደራጅ የተሞላ ውል ነው። ድርቁ መጥቶ ማኅበሩ ቀረ፤ ወረቀቱ ግን ቀረላቸው። በአንዱ ጥግ የጎሊቻ ጉርድ ፎቶ፣ ከሥሩ ስሙ፣ ከስሙ ጎን ሐምራዊ የግራ አውራ ጣት አሻራ። ልጁ የሄደ ሰሞን ፎቶው እንዳይበላሽ ብለው ላሚኔት ያስደረጉት እኛው ጋ ነው።

በስልክ አነሳሁት። ፕላስቲኩ የመብራቱን ነጸብራቅ አሻራው ላይ ጣለው። በር ላይ ወጥቼ አነሳሁት፣ ሰማዩ ታየበት። ለፈሀድ ላክሁለት። "ይህን አይቀበሉም" ብሎ መለሰ። "እያንዳንዱ መስመር መታየት አለበት።"

ስካነሩ ላይ ያለውን ካርቶን አወረድኩ።

* * *

ኮምፒዩተሩ ከየመሥሪያ ቤቱ በሚመጣ ፍላሽ ቫይረስ ታጭቆበት ስለነበር ሁሉንም ደምስሼ ከሥሩ ጀመርኩ። ካርቱም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ የለመድኩት አንድ ነጻ የስካን ፕሮግራም አለ፤ እሱን በስልኬ ኢንተርኔት ማውረድ ያዝኩ። አጎቴ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

"ስንት ነው?" አሉ።

"ነጻ ነው።"

"የተሰረቀ ነው ማለት ነው።"

"አይደለም። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የለቀቁት ነው። ውስጡ እንዴት እንደተሠራ እንኳ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ያያል፣ ያስተካክላል።"

"ምን ሊያገኙበት?"

"ምንም።"

"ካርቱም ይህን ሲያስተምሩሽ ነው የከረሙት፣ ሱዳኒቷ?"

"ዓብዱልሀኪም" አሉ አዴ ሰንበቴ ከወንበሩ ላይ፣ "አንተ ሰላምታ እንኳ በነጻ አትሰጥም፤ እንዴት ይገባሃል?"

አጎቴ ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ መሳቃቸው ያሳፈራቸው ይመስል አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ማውረዱ ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። አዴ ሰንበቴ ወረቀቱን ወደ ፌስታሉ መልሰው ሄዱ፤ በማግስቱ ጠዋት ከእኛ ቀድመው በሩ ላይ ነበሩ። የዚያን ቀን ታላቁ ልጃቸው ኩራ በሞተር አምጥቷቸዋል። እሱ ግን አልገባም፤ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል።

ፕሮግራሙ ተጫነ፤ ስካነሩን ግን አያየውም። "ምንም መሣሪያ አልተገኘም" ይላል። ገመዱን ነቅዬ ከኋላ ባለው ቀዳዳ ሰካሁት። አሁንም የለም። የስካነሩን ሞዴል ፈልጌ አሮጌውን ድራይቨር አገኘሁ፤ ጭኜ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁት። በዚህ ሁሉ አዴ ሰንበቴ ምንም አልጠየቁኝም። እኔ ብቻ ለራሴ አወራለሁ። እውነቱን ለመናገር ሥራው ደስ እያለኝ ነበር። ከተመለስኩ ወዲህ የማውቀው ነገር ለሰው የሚጠቅም ሲመስለኝ ይህ መጀመሪያዬ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር የዲግሪዬ ዋናው ከመኝታ ክፍሌ ጋር ቀርቷል፤ ስካን ያደረግሁት ቅጂ ስልኬ ውስጥ አለ፣ ግን ያመለከትኩባቸው መሥሪያ ቤቶች "ዋናውን አምጪ" ብለው ይመልሱኛል። ከዚህ ከተማ ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ በየቀኑ አስባለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ግን አላውቅም።

ስካነሩ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው አንገራገረና መብራቱ ከክዳኑ ሥር መሄድ ጀመረ።

የመጀመሪያው አልረባም። ፕሮግራሙ ካልቀየሩት በጥቁርና ነጭ ነው የሚያነሳው፤ አሻራው እንደፈሰሰ ቀለም ድፍን ብሎ ወጣ። ወደ ባለቀለም ቀየርኩት። የጥራቱን ቁጥር እስከሚሄድበት ከፍ አደረግሁና እንደገና አስነሳሁት። ምስሉ መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ወረደ። የጎሊቻ ግንባር፣ ዓይኖቹ፣ ከንፈሩ፣ የቀበሌው ማህተም ግማሽ ክብ። ከዚያ አሻራው። አሰፋሁት፣ ደግሜ አሰፋሁት፣ የኮምፒዩተሩን ስክሪን ሁሉ እስኪሞላ።

ከአሮጌ ዕቃ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አልገመትኩም። መስመሮቹ እንደታረሰ ማሳ ተደርድረው፣ መሐል ላይ ተጠቅልለው፣ አንዷ ከሌላዋ ሳትቀላቀል ይታያሉ። ከላይ ወደ ታች አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ሁሉንም አቋርጣ ታልፋለች።

"ይዩ፣ አዴ" አልኳቸው። "ጠባሳው እንኳ ሳይቀር ወጥቷል። ይህ ያለበት ሰው ከማንም ጋር አይሳሳትም።"

ተነሥተው መጡ። ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ቆሙ። በጣታቸው ነጯን መስመር ከላይ እስከ ታች ነኳት፤ ጣታቸው አቧራው ላይ ምልክት ጣለ።

"የሚላከው ይህ ነው?" አሉ።

"አዎ።"

ወደ በሩ ዞር ብለው ኩራን አዩት። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

"ላኪው" አሉኝ።

* * *

የፈሀድ መልስ የመጣው በአጎቴ ስልክ ነው። አጎቴ አዳምጠው፣ እንደገና አስደግመው፣ ሱቁን ለእኔ ትተው በሩጫ ወደ ወተት ገበያው ሄዱ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። አይመሳሰልም፤ አንድም መስመር አልገጠመም፤ የሞተው ልጅ ጎሊቻ አይደለም።

ወሬው ከሰዓት በኋላ ከተማውን አዳረሰ። አዴ ሰንበቴ ትንሽ ጀሪካን ወተት አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። አጎቴ ስካነሩን በጨርቅ ወለወሉት፤ ለገባ ሰው ሁሉ ስለ ነጻው ፕሮግራም ያወራሉ። "የሚሠሩት ሰዎች ምንም አያገኙበትም" ይላሉ፣ ራሳቸው የሠሩት ይመስል። እኔም ኮራሁ፤ ያን ቀን ወዴት እንደምሄድ አላሰብኩም።

በማግስቱ፣ አጎቴ ለዐስር ሰላት መስጊድ በሄዱበት ሰዓት፣ ኩራ ገባ። ዘመዶቹ ሁሉ ደስ ሲላቸው እሱን ያየው አልነበረም። በሩን ገፋ አደረገው።

"አካም፣ መሊካ።"

"ናጋ። ቁጭ በል። እናትህ ደህና ናቸው?"

አልተቀመጠም። "የማህተም ቀለም አላችሁ?"

መርገጫውን ሰጠሁት። የግራ አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነ፤ ከማሽኑ አፍ ላይ ባዶ ወረቀት ሳበና ጣቱን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አንከባሎ አተመ። እጁ የለመደ ነው።

"ይህንንም እንደዚያኛው አንሺው" አለ።

አነሳሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ጠጋ ብሎ ማየት አላስፈለገኝም። ነጯ መስመር በሁለቱም ላይ ከአንድ ቦታ ተነሥታ በአንድ ቦታ ታልፋለች።

"ማኅበሩን ሲመዘግቡ ጎሊቻ ፊልቱ በኩል ከከብቶቹ ጋር ነበረ" አለ ኩራ። ወደ ስክሪኑ አያይም፤ ጣቱን በሱሪው ይጠርጋል። "ጸሐፊው አሻራ ያልሞላ ስሙ ይቀራል አለን። ፎቶው ኪሴ ነበረ። ፎቶውን ሰጠሁ፣ ጣቴንም ሰጠሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከብት ላይ ለነበረው ሁሉ ወንድሙ ነው ያተመለት። ጣት ማን ያያል?"

"ስንልከው ግን በሩ ላይ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"ኩራ።"

"ነው ቢሉ እንኳ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ነው ሊሉም አይችሉም፤ እኔ እዚህ ነኝ። አይደለም እንደሚሉ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። አዮ፣ እናቴ፣ ደስ ይላት ብዬ ነው።" ቀና አለ። "ትናንት ማታ ግን ሳስበው፣ እሱ ከሆነስ? ያለ ስም ሊጥሉት ነው። በእኔ ጣት።"

ስልኬን አነሳሁ። "የላክነው አሻራ የእሱ አይደለም፤ የወንድሙ ነው፤ ልጁን እንዳይቀብሩት" ብዬ ለፈሀድ ጻፍኩ። መልእክቱ ሳይሄድ ቆመ። ኔትወርክ የለም። ደወልኩ፤ አይጠራም።

"ሌላ አሻራ አለው? ፓስፖርት፣ ባንክ፣ የትኛውም ቦታ?"

"ፓስፖርት ቢኖረው በዚያ መንገድ ይሄድ ነበር?"

ፎቶ ኮፒ ቤቱን ዘግቼ ሞተሩ ላይ ከኋላው ተቀመጥኩ።

* * *

አዴ ሰንበቴ ከቤታቸው ጓሮ የወተት ጀሪካኖቹን በአሸዋ ያጥባሉ። ከድርቁ የተረፉት ጥቂት ፍየሎች አጥሩ ላይ የቀረ ቅጠል ይፈልጋሉ። ኩራ ሞተሩን አጥፍቶ ፊታቸው ቆመ።

"አዮ" አለ።

"ጣቱ ያንተ ነው" አሉ እሳቸው፣ ቀና ሳይሉ።

ከጀሪካኑ ውስጥ አሸዋው ሲንሸራተት ይሰማል።

"መቼ አወቅሽ?"

"መሊካ ያሰፋችው ቀን። የሳርዲን ቆርቆሮ ቆርጦህ ያለቀስክ ጊዜ ማን ነው ያሰረልህ? ስንት ጊዜ ፈትቼ እንዳሰርኩት አታስታውስም።"

"ታዲያ ለምን ላኪው አሉኝ?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎብኝ ነበር።

ጀሪካኑን ደፍተው አስቀመጡት። "ፈሀድ ከደወለ ወዲህ ገበያ ላይ ሴቶቹ ዋጋ አይከራከሩኝም" አሉ። "ያልኩትን ከፍለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። አጎትሽ አይቀልድብኝም። ገና ምንም ሳይታወቅ ሁሉም ሰው ልጄን ቀብሮታል። አይደለም የሚለኝ አንድ ሰው ፈለግሁ። ከሩቅ የሚመጣ፣ ፖሊስ ያለበት፣ ሰው የሚያምነው ቃል።"

"ውሸት ነው እኮ" አለ ኩራ።

"ውሸት መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ለትንሽ ጊዜ ነበር የፈለግሁት።"

"አዮ፣ ያለ ስም ይቀብሩታል። ማንም ሳይሰግድበት።"

ይህ እንዳልታያቸው ሳይሆን፣ እስካሁን ሊያዩት እንዳልፈለጉ ፊታቸው ላይ አየሁ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁ። በእርጋታ፣ ጣት በጣት።

"ላኪለት" አሉኝ። "ተሳስተናል በይው። ጎሊቻ ከግራ ጆሮው ኋላ በብረት እንደተተኮሰ ያለ ምልክት አለው፤ ሕፃን ሆኖ እሳት ነክቶት ነው። ይዩት በይው። ለመንገር እፈራ ነበር። ካገኙት ተስፋዬ ያልቃላ።"

ጻፍኩት። ከአጥሩ ወጣ ብዬ፣ ከፍ ወዳለው ቦታ ሄጄ ስልኩን ወደ ላይ ያዝኩት። ሁለቱም መልእክቶች ሄዱ። ወዲያው ፈሀድ መጻፍ ጀመረ፤ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ። እናትና ልጁ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

"አንብቢው" አሉ።

አነበብኩላቸው። ዛሬ ጠዋት ተቀብረዋል። ባለቤት ያልተገኘላቸውን ሁሉ በአንድ ረድፍ አድርገው ነው የቀበሯቸው፤ በየአንዳንዱ ራስጌ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት አለ። "የእናንተ አይደለም ስለተባልኩ አልሄድኩም" ይላል ፈሀድ። "የትኛው እሱ እንደሆነ አላየሁም። ሄጄ እጠይቃለሁ። አሁን ግን ከፍተው የሚያሳዩኝ አይመስለኝም።"

"ድገሚው" አሉ አዴ ሰንበቴ።

ደገምኩላቸው። ኩራ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ቀለም ያለበትን ጣት በሌላው እጁ ጨብጦታል። እናቱ ትንሽ ቆመው አዩት። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጠው ነጠላቸውን ራሱ ላይ ጣሉለት፣ ፀሐይ እንዳይመታው እንደሚደረግለት ሕፃን። አላለቀሱም። ምን ብለው ያልቅሱ? ሞቷል የሚል ቃል የለ፣ አለ የሚልም የለ። የነበረውን አንድ ቃል እኔና አሮጌው ስካነር አጥርተን ልከን፣ መልሰን ወሰድነው።

* * *

ፈሀድ ጠይቋል። የፖሊሶቹ ጸሐፊ ለሌላ ቀን ቀጠረው፤ በሌላው ቀን ሌላ ጸሐፊ ነበር። አሁንም ይጠይቃል።

ለከተማው የነገረ የለም። ለአጎቴ እንኳ አልነገርኩም፤ ኩራ ለምኖኛል። እሳቸው ስካነሩን ላየ ሁሉ "ይህ ነው ጎሊቻን ያዳነው" ይላሉ፤ እኔ ዝም እላለሁ። ሰው ውል፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የልደት ምስክር ወረቀት እያመጣ ያስነሳል። አሻራ ያለበት ወረቀት ሲመጣ ማሰፋት ትቻለሁ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ያን የመጀመሪያ ፋይል ሳስቀምጠው "ጎሊቻ" የሚል ስም ሰጥቼው ነበር። ልቀይረው አንድ ሁለቴ ከፍቼዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምቀይረው ስላላወቅኩ ተውኩት።

ባለፈው ገበያ ቀን ወተት ልገዛ ሄድኩ። አዴ ሰንበቴ በወትሮው ቦታቸው ነበሩ። ፊታቸው ሁለት ሴቶች ቆመው ዋጋ ይከራከራሉ፤ አንዷ "ውኃ ጨምረሽበታል" ትላለች፣ እሳቸው "ውኃ ከየት አምጥቼ?" ይላሉ። ሴቶቹ ስቀው፣ ጥቂት አስቀንሰው ገዝተው ሄዱ።

ጠርሙሴን አቀበልኳቸው። ሞልተው ዋጋውን ነገሩኝ። ብሩን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

አልተቀበሉኝም። ጠርሙሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አጠገባቸው ያሉት ወተት ሻጮች ይሰማሉ፤ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ተከራከሪኝ" አሉኝ።

"ውድ ነው፣ አዴ" አልኩ። "ቀንሱልኝ።"

"አልቀንስም" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው።